የሕልም ተዋጊዎች
የቪዲዮ ካሴት (ቪኤችኤስ)
«ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት 3»፣ አሜሪካ፣ 1987 እ.ኤ.አ.
ዳይሬክተር፦ ቸክ ራስል፤ 96 ደቂቃ

በአእምሮ ሆስፒታል የተኙ ወጣቶችን ፍሬዲ ክሩገር በቅዠታቸው እየመጣ ይገድላቸዋል። ሐኪሞቹ ግን ሟቾቹ ራሳቸውን ያጠፉ ይመስላቸዋል፤ ከፍሬዲ ጥፍር ይልቅ ልብ የሚሰብረው ይህ አለመታመን ነው። ክሪስተን (ፓትሪሺያ አርኬት፣ በመጀመሪያ ፊልሟ) ሌሎችን ወደ ሕልሟ መጥራት ትችላለች፤ ስለዚህ በየተራ ይሞቱ የነበሩት ልጆች አንድ ላይ ይዋጋሉ። የመጀመሪያውን ክፍል የሠራው ዌስ ክሬቨን በድርሰቱ ተሳትፏል።

በእንቅልፍ የሚመጣ አስፈራሪ ለድሬዳዋ ተመልካች እንግዳ አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ጫት ያቋረጠን ሰው ሌሊት እየመጣ ያስጨንቃል የሚባል ዱካክ አለ። ዱካክ የሚታየው ለተኛው ብቻ ስለሆነ፣ የተጨነቀውም ሰው እንደ ክሪስተን ጓደኞች ምስክር የለውም።