የ75 ሺህ ዶላሩ ጣሪያ

ኢንጂነሪንግ ስማር፣ ዶርም ውስጥ ስለ ገንዘብ ክርክር በተነሳ ቁጥር የምመዘው ቁጥር ነበረኝ፦ 75,000። በዓመት ከዚህ ዶላር በላይ ያገኘ ሰው ደስታው ከዚያ ወዲያ አይጨምርም፤ ተጠንቷል፣ አለቀ። ማን እንዳጠናው ግን አላውቅም ነበር። የታክሲ ብር ተበድሬ እየሄድኩ ለሀብታም አዝን የነበረው ነገር አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ቁጥሩን ተከትዬ ወደ ኋላ ስሄድ መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ መሰላል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል በተለያዩ አገሮች ሰዎችን ጠይቆ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ መሰላል አስቡ፣ አናቱ ላይ ለእናንተ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት አለ፣ እግሩ ላይ የከፋው። ዛሬ ከ0 እስከ 10 ስንተኛው ላይ ቆማችኋል? በየዓመቱ አገሮችን በደስታ የሚደረድረው ዘገባ እስካሁን የሚጠቀመው ይህንኑ መሰላል ነው።

በ1974 ደግሞ የኢኮኖሚ ባለሙያው ሪቻርድ ኢስተርሊን ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋለ። በአንድ አገር ውስጥ ሀብታሙ ከድሃው ይልቅ ደስተኛ ነኝ ይላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን የአሜሪካኖች አማካይ ገቢ ሲያድግ ደስታቸው አብሮ አላደገም። ሰው ኑሮውን የሚለካው በጎረቤቱ ነው የሚል ማብራሪያ ሰጠበት። በዚህ ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም።

የእኔ ቁጥር የተወለደው በ2010 ነው። ዳንኤል ካነማን እና አንገስ ዲተን ከ450,000 በላይ የአሜሪካውያን ምላሾችን ይዘው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለኩ። አንዱ የካንትሪል መሰላል ነው፤ ሌላው የትናንት ስሜት። ትናንት ብዙ ተደስተሃል? ስቀሃል? ተጨንቀሃል? መሰላሉ ላይ ጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ገቢ ሲጨምር ሰዎች ለሕይወታቸው የሚሰጡት ነጥብም ይጨምራል። የቆመው የትናንቱ ስሜት ብቻ ነው፣ እሱም 75,000 ዶላር አካባቢ። ዜናው ይህችን ግማሽ ይዞ ሮጠ፤ እኔም ዶርም ውስጥ የደረሰችኝ እሷ ነበረች።

ከዚያው ጥናት ማንም ያላወራልን ሌላ ነገር አለ። ፍቺ፣ ሕመም ወይም ብቸኝነት ሲመጣ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ላይ ሕመሙ ይብሳል። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እናቴ ወር ሊሞላ ሲል ሌሊት ትነቃ ነበር። ጉንፋን እንኳ ቤታችን ሲገባ ብቻውን አይመጣም፤ የመድኃኒቱ ዋጋ አብሮት ይገባል።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። የትናንቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው «አዎ፣ ተደስቻለሁ» ካለ፣ ትንሽ የተደሰተውና በደስታ ጣሪያ የነካው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ዳታ ሲመጣ ችግሩን መጀመሪያ የምንፈልገው መለኪያው ላይ ነው።

ማቲው ኪሊንግስዎርዝም በ2021 ያወጣው ጥናት መለኪያውን የቀየረ ነው። የ33,391 ሠራተኛ አሜሪካውያንን ስሜት በስልክ መተግበሪያ፣ በዘፈቀደ ሰዓት፣ ከ«በጣም መጥፎ» እስከ «በጣም ጥሩ» በተዘረጋ መስመር ላይ ለካ። ከ1.7 ሚሊዮን በላይ መልስ ተሰበሰበ። ጣሪያው ጠፋ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ግራፉ ገቢን የሚቆጥረው በእጥፍ ነው። ከ20,000 ወደ 40,000 መውጣት፣ ከ200,000 ወደ 400,000 ከመውጣት ጋር እኩል አንድ እርምጃ ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ዶላር ለድሃውና ለሀብታሙ አንድ አይደለም። (የአዲስ አበባ ደመወዛችሁን በዶላር መንዝራችሁ እዚያ ግራፍ ላይ ቦታችሁን አትፈልጉ። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አይጠቅምም።)

ከዚህ በኋላ ያለውን በጣም ነው የምወደው። ካነማን በዚያን ጊዜ የኖቤል ተሸላሚና ዕድሜው ወደ 90 የተጠጋ ሰው ነበር፤ ዝም ብሎ መከላከል ይችል ነበር። ከተቃዋሚው ጋር ተቀመጠ፣ ባርባራ ሜለርስ አሸማገለቻቸው፣ የኪሊንግስዎርዝን ዳታ እንደገና ፈተሹት። ውጤቱ በ2023 ወጣ። ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታ ይጨምራል። ጣሪያ የተገኘው ደስታ ከራቃቸው ጥቂቶች ዘንድ ብቻ ነው፦ እስከ 100,000 ዶላር ገደማ ሐዘናቸው ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቆማል። የ2010ሩ መለኪያ የደስታን ደረጃ መለየት አልቻለም ነበር፤ በደንብ የለየው የሐዘንን ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን ካገኘሁ በኋላ የቤቱን ኪራይ የምከፍለው እኔ ሆንኩ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር እናቴን «ትናንት ተጨንቀሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። እጇ ሊጥ ላይ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና «ትናንት ምን ነበረ?» አለችኝ። የኪራይ ቀን ነበር።