የኔቶ መስፋፋትና የወጪው ድልድል

የቀዝቃዛው ጦርነት ካከተመ በኋላ የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) ፖላንድን፣ ሃንጋሪንና ቼክ ሪፑብሊክን በአባልነት ለመቀበል ሲዘጋጅ፣ አባል መንግሥታቱን በብርቱ ካከራከሩት ጉዳዮች አንዱ ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ነበር።

የክርክሩ መነሻ የግምቶቹ መራራቅ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ጥናት፣ ስሎቫኪያን ጨምሮ ለአራት አገሮች እስከ 2010 የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከ61 እስከ 125 ቢሊዮን ዶላር አድርሶት ነበር። የፕሬዚዳንት ክሊንተን መንግሥት በ1997 መጀመሪያ ግምቱን ከ27 እስከ 35 ቢሊዮን አወረደው፤ ድርጅቱ ራሱ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአሥር ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ይበቃል አለ። ይህ ልዩነት የመጣው ከስሌት ስሕተት ሳይሆን፣ «ወጪ» የሚለው ቃል በየሰነዱ የተለያየ ነገር በመያዙ ነው። የመጀመሪያው ጥናት ከፍተኛ አሐዝ የሩሲያን እንደገና ማንሠራራትና በአዲሶቹ አባላት ምድር ጦር ማስፈርን ያሰበ ነው። ሁለተኛው የነባሮቹንም የአዲሶቹንም ሠራዊት ማሻሻያ ደምሯል። ሦስተኛው ከጋራ ገንዘብ የሚከፈለውን ብቻ፣ ማለትም የመገናኛ መረብን፣ የአየር መከላከያ ትስስርንና የረዳት ጦር መቀበያ ተቋማትን ቆጠረ። በጀት ለሚያዘጋጅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከጋራው ገንዘብ ውጭ ያለውን እያንዳንዱ አገር በየራሱ በጀት ይችላል። ዋሽንግተን ካወጣችው ግምት ውስጥ ለራሷ የመደበችው ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በ1997 በማድሪድ ጉባኤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ አገራቸው በመስፋፋቱ ምክንያት መዋጮዋን እንደማትጨምር ገለጹ። ሦስቱ አዲስ አባላት ከጋራው በጀት የደረሳቸው ድርሻ በድምሩ 4 ከመቶ ያህል ነው፤ የገዛ ሠራዊታቸውን የማደስ ሸክም ግን በራሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

የሸክሙ ክብደት በሃንጋሪ ጐልቶ ይታያል። በ1995 የሃንጋሪ መንግሥት በዕዳና በበጀት ጉድለት ተጨንቆ የቤተሰብ ድጎማን ቀንሶ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ላይ የትምህርት ክፍያ ጥሎ ነበር። እርምጃው ከኔቶ የመነጨ አልነበረም፤ ነገር ግን የመከላከያ በጀትን ለማሳደግ ቃል የተገባው ከዚህ ቁጠባ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሆኖም በኖቬምበር 1997 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 85 ከመቶ ያህሉ አባልነቱን ደገፉ፤ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው ግን ከመራጩ ግማሽ ያህሉ ነበር።

ሦስቱ አገሮች ማርች 12 ቀን 1999 አባል ሆኑ። በሦስቱም ግምቶች ያልተቆጠረ ግዴታ ወዲያውኑ መጣ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድርጅቱ በዩጎዝላቪያ ላይ የአየር ድብደባ ጀመረ። ሃንጋሪም፣ ወገኖቿ ከድንበር ማዶ በቮይቮዲና እየኖሩ፣ የአየር ክልሏንና የአውሮፕላን ማረፊያዎቿን ከፈተች።