ግድግዳውን ያቆዩት

የኢንተርኔት ካፌ ዘመን ያሳደገን ልጆች ስለሆንን፣ አስር ኮምፒውተር በአንድ ክፍል ማለት ምን እንደሆነ ይገባናል። አንዱን ቫይረስ በልቶታል፣ ሌላው ማውስ የለውም፣ የሦስተኛው ሰዓት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ግድ አልነበረንም፤ ወደሚቀጥለው ወንበር ማለፍ ነው። አሁን ደግሞ አስሩም ስክሪኖች ግድግዳ ላይ ተደርድረው አንድ ሥዕል ብቻ ሲያሳዩ እናስብ። እዚህ የሚቀጥለው ወንበር የለም፤ አንዱ ሲበላሽ ሥዕሉ ይቀደዳል።

ታሪኩን ከቺካጎ እንጀምር። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ካሮላይና ክሩዝ-ኔይራ፣ ዳንኤል ሳንዲንና ቶማስ ዲፋንቲ «ኬቭ» ማለትም «ዋሻ» የተባለውን ክፍል ለሕዝብ አሳዩ። ስሙ የፕላቶን ዋሻ ያስታውሳል፤ የድሮ መጻሕፍቶቻችን አፍላጦን የሚሉትን ፈላስፋ። ተመልካቹ በምስል በተሞሉ ግድግዳዎች መሀል ይቆማል። ከጀርባ የሚሠሩት የሲልከን ግራፊክስ ማሽኖች ግን ዋጋቸው አይቀመስም ነበር።

በ1994 በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ፕሮሰሰሮችን በኢተርኔት አያይዘው «ቤዎልፍ» ያሉትን ክላስተር ሠሩ። በአስርት ዓመቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ ለጌም ተጫዋቾች የተሠራው ግራፊክስ ካርድ ርካሽም ጉልበተኛም ሆነ። ሁለቱ ተጋቡ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ1998 በ8 ፕሮጀክተሮች የጀመረውን ግድግዳ በ2000 ወደ 24 አሳደገው። በ2002 ከስታንፎርድ የወጣው «ክሮሚየም» (ከብራውዘሩ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው) የአንድን ፕሮግራም የሥዕል ትእዛዝ እየጠለፈ ለየማሽኑ ያከፋፍል ጀመር። ናሳ ኤምስ በ2008 ያቆመው ሃይፐርዎል-2 ደግሞ 128 ስክሪንና 245 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ነበረው። ሲልከን ግራፊክስስ? በ2006 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ በ2009 ደገመው፤ ተሸጠም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ግን ተረቱ አንድ ነገር አይነግረንም፤ ድሩን የሚያስተባብረው ማነው?

ሥራውን እንየው። እያንዳንዱ ማሽን የሥዕሉን ቁራጭ ይሥላል፤ ቀድሞ የጨረሰ ሌሎቹን ይጠብቃል። ካልጠበቀ የሚሮጠው መኪና ፊቱ አንድ ስክሪን ላይ፣ ኋላው ሌላው ላይ ተቆርጦ ይታያል። ስለዚህ መላው ግድግዳ የሚራመደው በዘገምተኛው ማሽን ፍጥነት ነው። የአንዱ ፕሮጀክተር አምፖል ሲያረጅ ቀለሙ ከጎረቤቱ ይለያል። የስክሪኖቹ ጠርዝም ፈተና ነው። ከጠርዙ ጀርባ ያለው እንደ መስኮት ፍሬም ተሸፍኗል ብለን ከቆጠርን መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ግን አንድ ቁጥር ሊደበቅብን ይችላል። ሁሉም ይታይ ካልን ደግሞ ቀጥ ያለው መስመር ይሰበራል። ይህንን የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው።

ከሳንዲዬጎ በ2000 የወጣው «ሮክስ» የተባለው ሶፍትዌር ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ሆነ። መርሁ ቀላል ነው፤ የታመመውን ማሽን ስትመረምር አትደር፣ እንደ አዲስ ጫንበትና ከወንድሞቹ ጋር አንድ አድርገው። የካፌያችን ልጅ «ፎርማት ላድርገው» ሲል የነበረው ይኸንኑ አይደል?

እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። አውሎ ነፋስ የምታጠና ተመራማሪ ከስክሪን ወደ ስክሪን የሚያልፈውን መስመር አምና ነው የምትፈርደው። መስመሩ የተጣመመው በነፋሱ ይሁን በግድግዳው እንዲታወቅ አንድ ሰው ሌሊቱን አስተካክሎ ማደር አለበት። እኛ ግን ሪባን የቆረጠውን ፎቶ አንስተን አምፖል የቀየረውን እንረሳለን። የሠሪዎቹን ስም ከላይ እንደጻፍን አያችሁ። የጠባቂዎቹን ግን ፈልገን አላገኘንም። ጥሩ የሠራ ጠባቂ ምልክት አይተውም፤ ግድግዳው ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ በቃ።