አይዳን የዘፈነችው ሴት
የሊዮንታይን ፕራይስ ታሪክ

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

አዲስ ንባብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በጎፋ፣ በሳሪስ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶና በለቡ ሬዲዮኑን ከባችሁ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ እስቲ ይህን ወረቀት ፊታችሁ ዘርጉት። እኛ እንናገራለን፤ እናንተ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርገናቸዋል።

የሰፈራችሁ ስም ነፋስ ስልክ ነው። ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። የዛሬው ታሪካችንም በነፋስ ስለሄደ ድምፅ ነው። ድምፁ የአንዲት ሴት ነው። ሴትየዋ የተወለደችው አሜሪካ ነው። ነገር ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በዓለም ታላላቅ መድረኮች ላይ የኢትዮጵያ ልዕልት ሆና ዘፍናለች። ይህ እንዴት ሆነ? ከመነሻው እንጀምር።

ኦፔራ ምንድን ነው?

ኦፔራ ቴአትር ነው። ነገር ግን ተዋንያኑ በንግግር ፈንታ በዘፈን ይነጋገራሉ። ሲዋደዱም ሲጣሉም ሲሞቱም ይዘፍናሉ። ከፊታቸው ብዙ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። በኦፔራ ከሁሉ የላቀውን ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ ሶፕራኖ ትባላለች።

በኦፔራ ቤት እንደ ልማዱ የድምፅ ማጉያ የለም። ታዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ ያን ሁሉ የሙዚቃ መሣሪያ አልፎ ከ3,000 ሰው በላይ ወደሚይዝ አዳራሽ እንዴት ይደርሳል? በጩኸት አይደለም። በገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ከተራራ ማዶ የሚጣራ እረኛ ትንፋሹን ከሆዱ ስቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይልከዋል። ወፍራሙ ጩኸት ቅርብ ይቀራል፤ ቀጭኑና የጠራው ግን ሸለቆውን ይሻገራል። የኦፔራ ዘፋኝም ይህንኑ ለብዙ ዓመት ትማራለች። ትንፋሿን መቆጠብ ትማራለች። ዜማውንም ከወረቀት ላይ ታነባለች። በእኛ አገር የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንዳለው ሁሉ፣ እነርሱም ኖታ የሚባል የዜማ ጽሕፈት አላቸው። ኖታ ለማታነብ ሴት የኦፔራን ሥራ መያዝ እጅግ ከባድ ነው።

አይዳ ማን ናት?

የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዘመን ግብፅን የሚገዛው ኢስማኢል ፓሻ ነበር። ይህ ሰው በካይሮ የኦፔራ ቤት አሠራ። ከዚያም ጁሴፔ ቬርዲ የተባለውን ታላቅ የኢጣሊያ የዜማ ደራሲ 150,000 ፍራንክ ከፍሎ አንድ ኦፔራ አስደረሰ። የኦፔራው ስም «አይዳ» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በካይሮ የታየው በታኅሣሥ ወር 1864 ዓ.ም. ነበር።

ታሪኩ ፈጠራ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት የንጉሡ ልጅ ገረድ ሆነች። ልዕልትነቷን ግን ደብቃለች። የግብፁ ጦር አዛዥ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። እሱ ኢትዮጵያን ሊወጋ ይዘምታል። የአይዳም አባት ይማረካል። አባቷ ልጁን «የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከዚያ ሰው አውጣጪ» ይላታል። እሷ በአገሯና በፍቅሯ መካከል ተይዛ ትጨነቃለች። በመጨረሻ አዛዡ ምስጢሩን አወጣ ተብሎ በሕይወቱ እንዲቀበር ይፈረድበታል። አይዳም አስቀድማ መቃብሩ ውስጥ ተደብቃ ስለ ነበር አብራው ትሞታለች።

እንግዲህ በዚህ ድርሰት ግብፅ ያሸንፋል፤ ኢትዮጵያ ትሸነፋለች። ነገር ግን ኦፔራው ከታየ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ያው ኢስማኢል ፓሻ እውነተኛ ጦር ወደ አገራችን ላከ። በ1868 ዓ.ም. በኅዳር ወር በጉንደት፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ደግሞ በጉራ ጦርነት ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የግብፅን ጦር ሁለቱንም ጊዜ ድል መቱት። በመድረክ ላይ የሆነው በሜዳ ላይ አልሆነም!

በጉራ ከግብፅ ጦር መሪዎች አንዱ ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው ቀደም ብሎ በአገሩ በተደረገው የእርስ በእርስ ጦርነት፣ ጥቁሮች ባሪያ ሆነው እንዲቀሩ ከሚፈልገው ከደቡቡ ወገን ጄኔራል ሆኖ ተዋግቷል። ሚሲሲፒ በምትባለው የደቡብ ግዛትም ጦር መርቷል። የታሪካችን ሴት የተወለደችው በዚያችው ሚሲሲፒ ነው።

የአዋላጇ ልጅ

ሊዮንታይን ፕራይስ በየካቲት ወር 1919 ዓ.ም. ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። የአሜሪካ ጥቁሮች ከባርነት ከወጡ ገና ስድሳ ዓመት ገደማ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ ምግብ ቤቱ ለነጭና ለጥቁር ተለያይቶ ነበር። አባቷ ጄምስ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበር። እናቷ ኬት አዋላጅ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያንም ትዘምር ነበር። ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት ወላጆቿ አንድ ነገር አደረጉ። የቤታቸውን የሸክላ ማጫወቻ ሰጥተው፣ ለፒያኖ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ አደረጉት። የሰው ዘፈን የሚሰሙበትን ሰጥተው ልጃቸው የምትማርበትን አመጡ።

ልጅ ሳለች ማሪያን አንደርሰን የምትባለውን ታላቅ ጥቁር ዘፋኝ ለመስማት ወደ ጃክሰን ከተማ ተወሰደች። ይህች ዘፋኝ በ1931 ዓ.ም. በዋሽንግተን አንድ አዳራሽ በቆዳዋ ምክንያት ተከልክላ፣ ደጅ ወጥታ በሊንከን ሐውልት ፊት 75,000 ለሚሆን ሕዝብ የዘፈነችው ናት። ልጅቷ የእሷን አረማመድና ድምፅ አይታ ልቧ ተነካ።

ከዚያም ኮሌጅ ገባች። የሙዚቃ አስተማሪ ልትሆን ነበር ያሰበችው። ነገር ግን ድምፅዋን የሰሙ ሁሉ በዘፈን ግፊበት አሏት። ወደ ኒው ዮርክ ጁሊያርድ ትምህርት ቤት ለመሄድ ገንዘብ አልነበራትም። ዝነኛው ጥቁር ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ዘፍኖ ገንዘብ አሰባሰበላት። በሎረል የሚኖሩ አንድ ባለጠጋ የነጭ ቤተሰብም ረዷት። በጁሊያርድ ያስተማረቻት ፍሎረንስ ኪምቦል አንድ ብልኅ ምክር ሰጠቻት። ድምፅሽ እንደ ገንዘብ ነው፤ ወለዱን እያወጣሽ ዝፈኚ፣ ዋናውን አትንኪ አለቻት። እቁብ የጣለ ሰው፣ ብድር የወሰደ ሰው ይህ ምክር ይገባዋል። ሊዮንታይን ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ መዝፈንንም ተማረች።

በር ሲዘጋና ሲከፈት

በጥር ወር 1947 ዓ.ም. ኤንቢሲ የሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት «ቶስካ» የተባለውን ኦፔራ በእሷ መሪ ተዋናይነት አሰራጨ። በደቡብ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ግን ጥቁር ሴት ከነጭ ወንድ ጋር ፍቅረኛ ሆና አናሳይም አሉ። ዝግጅቱንም አላስተላለፉም። በተቀረው አገር ግን ድምፅዋ በነፋስ ሄደ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ልክ በእኛ የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ ያቺ ማሪያን አንደርሰን በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ዘፋኝ ሆና ነበር።

በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በሳን ፍራንሲስኮ አንዲት ጣሊያናዊት ሶፕራኖ አይዳን ልትጫወት ተዘጋጅታ ሳለ ትርፍ አንጀት ታመመች። ሊዮንታይን በእሷ ፈንታ ገባች። በመድረክ ላይ አይዳን ስትሆን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አይዳን የሚጫወቱ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር። ሊዮንታይን ግን የገዛ ቆዳዬ የአይዳ ልብሴ ነው ትል ነበር። በዚያው ዓመት በቪየናና በለንደን፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በቬርዲ አገር በሚላኖ፣ ላ ስካላ በሚባለው ታላቅ ኦፔራ ቤት አይዳን ዘፈነች።

ጥር 19 ቀን 1953 ዓ.ም. የሜትሮፖሊታን በር ተከፈተላት። ያን ሌሊት ዘፍና ስትጨርስ ሕዝቡ ከግማሽ ሰዓት በላይ አጨበጨበላት። ይሁንና ነገር ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። በ1954 ዓ.ም. አንድ ማታ ታምማ በመድረክ ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ቃሉን በንግግር እየጮኸች ክፍሉን ጨረሰች፤ የመጨረሻውን ክፍል ሌላ ዘፋኝ ዘፈነችው። የቆመላት ሕዝብ በተሞላ አዳራሽ ድምፅ ማጣት ለዘፋኝ ትልቅ ድንጋጤ ነው። አርፋ፣ ታክማ፣ ተመለሰች። በ1959 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲሱ የሜትሮፖሊታን ሕንፃ ሲመረቅ መሪ ተዋናይዋ እሷ ነበረች።

የመጨረሻው ማታ

ታኅሣሥ 25 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኦፔራ መድረክ ተሰናበተች። ለስንብቷ የመረጠችው አይዳን ነው። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በሦስተኛው ክፍል አይዳ ሌሊት በዓባይ ዳር ብቻዋን ትቆማለች። አገሬን ዳግመኛ አላይም እያለች ትዘፍናለች። የአገሯን ሰማይና ኮረብታ ታነሣለች። ሊዮንታይን ይህን ዘፍና ስትጨርስ ጭብጨባው አላቆም አለ። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ያ ዓመት ለእኛ ምን ዓመት እንደ ነበረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የብርቱ ረሃብ ዓመት ነበር። የዓለም ሕዝብ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ከድርቅና ከሞት ጋር ነበር የሚሰማው። በዚያችው ወቅት በኒው ዮርክ አንዲት የሚሲሲፒ አዋላጅ ልጅ፣ አገሯን የምትናፍቅ የኢትዮጵያ ልዕልት ሆና ቆማ ነበር። በድርሰቱ ኢትዮጵያ ብትሸነፍም፣ በእሷ ድምፅ ሰው ልቡን የሰጠው ለተማረከችው ሴት ነው።

ከዚያም በኋላ ዝም አላለችም። የአይዳን ታሪክ ለልጆች በመጽሐፍ ጻፈች። በመስከረም 1994 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ በሽብር ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ፣ በ74 ዓመቷ በካርኔጊ አዳራሽ ቆማ ዘፈነች።

አድማጮች፣ ነገ ማታ ይህንኑ ወረቀት ያለ እኛ እርዳታ ለቤተሰባችሁ አንብቡት። አንድ ቃል ቢያስቸግራችሁ ፊደሉን ለይታችሁ ቀስ ብላችሁ ያዙት። በደኅና ያገናኘን።

አዲስ ቃላት
ኦፔራ — በዘፈን የሚነገር ቴአትር።
ሶፕራኖ — ከፍተኛ የሴት ድምፅ፤ ወይም ያ ድምፅ ያላት ዘፋኝ።
ኖታ — የዜማ ጽሕፈት።
አዋላጅ — እናትን የምታዋልድ ሴት።

ጥያቄዎች
1. የሊዮንታይን ወላጆች ፒያኖ ለመግዛት ምን ሰጡ?
2. በድርሰቱ የሆነውና በጉራ የሆነው በምን ይለያያሉ?
3. «ወለዱን አውጪ፣ ዋናውን አትንኪ» የሚለውን ምክር እናንተ በሥራችሁ ላይ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ? ተወያዩበት።