የኃይል ፍሰት በምግብ ሰንሰለት

የኃይል ፍሰት ማለት ዕፅዋት ከፀሐይ ያገኙት ኃይል በመብላትና በመበላት ከአንዱ ሕይወት ያለው ነገር ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ሂደት ነው። ውሃ፣ ካርቦንና ናይትሮጅን በሥርዓተ ምህዳር ውስጥ እየተመላለሱ ደጋግመው ያገለግላሉ። ኃይል ግን የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ በየደረጃውም አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይበተናል።

ደረጃዎቹ

የሰንሰለቱ መነሻ አምራቾች የሚባሉት አረንጓዴ ዕፅዋትና ዋቅላሚዎች ናቸው። በፎቶሲንተሲስ አማካይነት የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ ይለውጣሉ፤ ሆኖም ከሚያርፍባቸው ብርሃን ምግብ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ሣር በል እንስሳት አንደኛ ተመጋቢዎች ሲባሉ፣ እነሱን የሚበሉት ሥጋ በሎች ሁለተኛ ተመጋቢዎች ይባላሉ። ባክቴሪያና ፈንገስ ደግሞ ከየደረጃው የተረፈውን ፍግና በድን አበስብሰው ማዕድኑን ለአፈር ይመልሳሉ።

የሳነቴ አምባ

በባሌ ተራሮች፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ፣ ሰንሰለቱ አጭርና ግልጽ ነው፦ ሣር፣ ፍልፈል፣ ቀይ ቀበሮ። የባሌው ትልቅ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ይላል፤ ኋላውን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በዙሪያው ያለውን ሣር ቆርጦ እየጎተተ ይገባል። ከበላው ውስጥ ያልተፈጨው በፍግ ይወጣል። ከተፈጨውም አብዛኛው መሬት ሲቆፍርና ሌሊት ከዜሮ በታች በሚወርደው ብርድ ሰውነቱን ሲያሞቅ ያልቃል። ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ጥቂቱ ነው፤ ለቀይ ቀበሮ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ቀበሮው በበኩሉ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ሲያደባ፣ ሲዘልና ሲቆፍር ኃይል ያወጣል። ቀይ ቀበሮዎች ግዛታቸውን በመንጋ ይጠብቃሉ፤ አይጥና ፍልፈል የሚያድኑት ግን በአብዛኛው ለየብቻ ነው፤ ክብደቱ ቢበዛ 1 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ፍልፈል ለመንጋ አይበቃምና።

የ10 በመቶ ስሌት

እንግሊዛዊው ቻርለስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታዳኞች ብዙ አዳኞች ጥቂት የሚሆኑበትን የቁጥር ፒራሚድ አስረዳ። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን በሚኒሶታ ግዛት አንድ ትንሽ ሐይቅ ሲያጠና ቆይቶ ጉዳዩን ከቁጥር ወደ ኃይል አሸጋገረው፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመው እሱ ከሞተ ከወራት በኋላ ነበር። ከዚህ ሐሳብ በመነሣት፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው ተብሎ ይሰላል። ለምሳሌ ሣር ውስጥ 10,000 ኪሎ ጁል ቢኖር፣ ሣር በሎች ዘንድ 1,000፣ ሥጋ በሎች ዘንድ 100 ብቻ ይደርሳል። መጠኑ እንደ እንስሳው ይለያያል፤ የሰውነታቸውን ሙቀት ጠብቀው የሚኖሩ አጥቢዎችና ወፎች ብዙ ስለሚያቃጥሉ ለቀጣዩ የሚያተርፉት ያንሳል። አብዛኞቹ የምግብ ሰንሰለቶች ከአራት ወይም ከአምስት ደረጃ የማያልፉትም በዋናነት ኃይሉ በየደረጃው እየተመናመነ ስለሚሄድ ነው።

ትርጉሙ

በፒራሚዱ ጫፍ ያለ እንስሳ ጥቂት ሆኖ እንዲኖር እንኳ ሰፊ ሣር ያስፈልገዋል። በሳነቴ ከብት ከአይጦችና ከፍልፈሎች ጋር ሣሩን ሲሻማ፣ እርሻም ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ጉድለቱ ተሻግሮ ቀይ ቀበሮው ጋ ይደርሳል። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ሌላው ሥጋቱ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው።