ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ፦ ከመብት ጠበቃነት እስከ ፌደራል ችሎት

በዩናይትድ ስቴትስ ለፌደራል ዳኝነት የተሾሙት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ናቸው። የተወለዱት እ.አ.አ. መስከረም 14 ቀን 1921 በኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ከካሪቢያኗ የኔቪስ ደሴት የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ቤተሰቡ ኮሌጅ ለማስተማር አቅም ባይኖረውም፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ያደመጧቸው ባለጸጋ ወጪያቸውን ሸፈኑላቸው። በ1946 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ።

በጥብቅና ዘመናቸው ከተርጉድ ማርሻል ጋር ሠርተዋል። በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ላደረገው የ1954ቱ የብራውን ውሳኔ መነሻ የሆነውን የክስ አቤቱታ ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ጄምስ ሜሪዲዝ በ1962 ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የገባውም እርሳቸው በተሟገቱለት ክስ ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከሩባቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን ረትተዋል።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1966 መጀመሪያ ለደቡባዊ ኒው ዮርክ የፌደራል ፍርድ ቤት ሲያጯቸው፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ ነበሩ። ሹመቱ ሰባት ወራት ያህል ዘግይቶ ነሐሴ 30 ጸደቀ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በችሎት ላይ ነው። ሴት የሕግ ባለሙያዎች በጾታ አድልዎ የከሰሱት አንድ ታላቅ የኒው ዮርክ የጥብቅና ድርጅት፣ ዳኛዋ ሴትና የቀድሞ የመብት ተሟጋች ስለሆኑ ከችሎቱ እንዲነሱ ጠየቀ። ከታላላቅ የጥብቅና ድርጅቶች ወጥተው ለዳኝነት ለበቁ ወንዶች ይህን መሰል ጥያቄ እምብዛም አይቀርብም ነበር። ሞትሊ በ1975 አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት፤ ጾታ፣ ዘር ወይም የቀድሞ ሥራ ብቻውን ዳኛን የሚያስነሳ ቢሆን፣ በዚያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሊያይ የሚችል አንድም ዳኛ አይገኝም ነበርና። ዳኛ ይነሳልን የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ ብይን ዛሬም ይጠቀሳል።

ለአድልዎ ተበዳዮች ያደላሉ የሚለው ስጋት በሌላ መዝገብም ሊፈተን ይችላል። አንዲት የስፖርት ጋዜጠኛ ከቤዝቦል ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል መከልከሏን ተቃውማ ባቀረበችው ክስ፣ ሞትሊ በ1978 የፈረዱት ለጋዜጠኛዋ ነው። መሠረት ያደረጉት ግን ስሜትን አልነበረም፤ የያንኪ ስታዲየም የከተማው አስተዳደር ንብረት በመሆኑ ክልከላው የመንግሥት እጅ አለበት፣ ስለዚህም እኩል የሕግ ጥበቃን የሚያዘው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይመለከተዋል አሉ። ጋዜጠኛዋ የከሰሰችው የግል ሰው ባለቤት በሆነበት ስታዲየም ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እጅግ ይከብዳት ነበር።

ከ1982 እስከ 1986 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የፌደራል ዳኛ ሹመት የዕድሜ ልክ ነውና፣ መስከረም 28 ቀን 2005 በ84 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በዳኝነታቸው ጸንተዋል።