ከሦስት ሽልንግ እስከ ካርድ፦ የአውሮፕላን ውስጥ ገበያ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1919 ከለንደን ወደ ፓሪስ የሚጓዙ የሃንድሊ ፔጅ ኩባንያ መንገደኞች የምሳ ሣጥን በሦስት ሽልንግ ቀረበላቸው። በሣጥኑ ውስጥ ሳንድዊችና ፍራፍሬ ነበር። ኩባንያው የሚጠቀምባቸው አውሮፕላኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ቦምብ ጣዮች ሲሆኑ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወንበር ተገጥሞላቸው ሰው ማመላለስ የጀመሩ ናቸው። በመንገደኞች በረራ ታሪክ የመጀመሪያው ምግብ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ሣጥን ነው። ያ ምግብ ታዲያ ግብዣ አልነበረም፤ ሽያጭ ነበር።

ነፃ መስተንግዶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ነርሷ ኤለን ቸርች በአሜሪካው ቦይንግ ኤር ትራንስፖርት የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ሆና ስትቀጠር ሥራዋ መንገደኛን መንከባከብና ማጽናናት እንጂ ሂሳብ መሰብሰብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሃቫና ላይ የተመሠረተው የዓለም አቀፍ አየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ፣ የቲኬት ዋጋን በአባላቱ ስምምነት የሚወስን ስለነበር ኩባንያዎቹ በዋጋ መፎካከር አልቻሉም። ስለዚህ በምግብ ተፎካከሩ። ፉክክሩ እስከ ጠብ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአትላንቲክ በረራዎች ላይ ርካሹ የኢኮኖሚ ክላስ ሲጀመር ለመንገደኛው ከሳንድዊች በላይ እንዳይቀርብ ደንብ ወጣ። የስካንዲኔቪያው ሳስ ግን ሥጋና አትክልት ከላዩ የተደረደረበት፣ ሙሉ ምሳ የሚሆን ሳንድዊች ይዞ ቀረበ። ፓን አሜሪካን ከሰሰው፤ ሳስም 20,000 ዶላር ተቀጣ።

ገንዘብ ወደ ካቢኑ ተመልሶ የገባው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ብሬንዳን ኦሬገን የተባለ አየርላንዳዊ በሻነን አውሮፕላን ማረፊያ የዓለምን የመጀመሪያ ከቀረጥ ነፃ የአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ከፈተ። ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ አየር ላይ ወጣ፤ ውስኪ፣ ሽቶና ሲጋራ የጫነ ጋሪ በወንበሮች መካከል መገፋት ጀመረ። አንዱ መንገደኛ በፓውንድ፣ ሌላው በዶላር፣ ሦስተኛው በማርክ ይከፍላል። ምንዛሪውን የምታሰላውና መልሱን የምትቆጥረው አስተናጋጇ ናት።

ጥሬ ገንዘብ በአውሮፕላን ውስጥ የነገሠበት ዘመን ግን የአሜሪካው ኢስተርን አየር መንገድ የምልልስ በረራ ዘመን ነው። ኢስተርን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1961 ኒው ዮርክን ከቦስተንና ከዋሽንግተን ጋር ያገናኘበት አገልግሎት ቦታ ማስያዝ የሚባል ነገር አልነበረውም። መንገደኛው ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ይሳፈራል። አውሮፕላኑ ከሞላ ኩባንያው ሌላ ያቀርባል፤ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ቃሉን አያጥፍም። የጉዞው ዋጋ የሚከፈለው ከተነሡ በኋላ ነበር። አስተናጋጆቹ እንደ ታክሲ ረዳት ከወንበር ወንበር እያሉ ሂሳብ ይቀበላሉ፦ ከአንዱ ዶላር፣ ከሌላው ቼክ፣ ከሌላው ደግሞ ካርድ። የካርዱ ቁጥር በካርቦን ወረቀት ላይ የሚታተመው በእጅ በሚዳመጥ መሣሪያ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ በዚያች አጭር ጊዜ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ማስከፈል፣ መልስ መስጠትና ደረሰኝ መጻፍ ነበረባቸው። ስለ አየር ጉዞ ወርቃማ ዘመን ሲወራ ምቾቱና ልብሱ ይነሣል፤ የእነዚህ ሴቶች ድካም ግን ብዙም አይነሣም። ሊነሣ ይገባው ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ከኒውአርክ መብረር የጀመረው ፒፕል ኤክስፕረስ ይህንኑ አሠራር ወረሰ። በዚያ መሐል አንድ ትልቅ ነገር ተለውጦ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1978 በፈረሙት ሕግ የአሜሪካ አየር መንገዶች ዋጋቸውንና መስመራቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ተለቀቁ። ፒፕል ኤክስፕረስ ቲኬቱን አረከሰ፤ ቀሪውን ሁሉ ለየብቻ ሸጠ። ሻንጣ ማስጫን 3 ዶላር፣ ቡና 50 ሳንቲም። የጉዞው ዋጋም በአየር ላይ ይከፈላል። ኩባንያው ዕድሜው አጭር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በኮንቲኔንታል አየር መንገድ ተዋጠ። እያንዳንዱን ነገር ለይቶ መሸጥ ግን አብሮት አልሞተም።

ካርድ ብቻ የሚለው አሠራር ቀድሞ የታየው በምግብ ሳይሆን በስልክ ነው። ኤምሲአይ የተባለውን የስልክ ኩባንያ የመሠረተው ጆን ጎከን እ.ኤ.አ. በ1984 ኤርፎን የተባለውን ስልክ ወደ አውሮፕላን አስገባ። መንገደኛው ካርዱን ሲያስገባ የስልኩ እጀታ ከመቀመጫው ይለቀቅለታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች 7.50 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። አስተናጋጅ አያስፈልግም፣ መልስ አያስፈልግም። ጥሬ ገንዘብ የማይገዛው ዕቃ ካቢን ውስጥ ገባ፤ ቅንጦት ስለነበረ ግን ያጉረመረመ ብዙ ሰው አልነበረም።

ቅንጦቱ ወደ ዕለት ጉርስ የወረደው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ነው። የከሰሩት የአሜሪካ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ክላስ የነበረውን ነፃ ምግብ አነሡና ከ2003 ጀምሮ መሸጥ ያዙ። በ2007 የተነሣው ቨርጂን አሜሪካ መንገደኛው ከፊቱ ባለው ስክሪን እያዘዘ በካርድ እንዲከፍል አደረገ። ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር በነካበት በ2008 ደግሞ ሁሉም ነገር ዋጋ ወጣለት። አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያዋ ሻንጣ ሳይቀር 15 ዶላር ጠየቀ። ዩኤስ ኤርዌይስ ከኦገስት 2008 ጀምሮ የታሸገ ውሃን በ2 ዶላር ሸጠ፤ ተፎካካሪዎቹ ሳይከተሉት ሲቀሩ በማርች 2009 ተወው። ኩባንያው ውሃ መሸጡን እንዲተው ያስገደደው መንግሥት ሳይሆን የመንገደኛው ቁጣና የተፎካካሪዎች ስሌት ነው።

የካርድ ብቻ አሠራር በሰፊው የተዘረጋው በዚያው በ2009 ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በጁን፣ ሳውዝዌስት በሴፕቴምበር ወር ጥሬ ገንዘብ መቀበል አቆሙ። የሚሰጠው ምክንያት እውነትነት ነበረው። ስድስት ዶላር የሚያወጣ መክሰስ ለመግዛት የሃያ ዶላር ኖት የሚዘረጉ ሰዎች በተደረደሩበት ካቢን አስተናጋጇ ዝርዝር ከየት ታምጣ? በረራው ሲያበቃ ገንዘቡ መቆጠር፣ በከረጢት መታሸግ፣ ለገንዘብ ክፍል መሰጠትና ከተሸጠው ዕቃ ጋር መመሳከር ነበረበት። በመንገድ ላይ የሚጎድለውም ነበር። ከዚህ ሁሉ አስተናጋጇን ማሳረፍ መልካም ነገር ነው። ሌላም ጥቅም አለ፤ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ከባንኮች ጋር ሆነው በስማቸው ካርድ ያሠራጫሉ፣ በዚያ ካርድ ለሚገዛም ቅናሽ ይሰጣሉ። የገንዘቡ ጣጣ ግን አልጠፋም፤ ካርድ ወደሌለው መንገደኛ ተሻገረ።

አንድ የኒው ጀርሲ መንገደኛ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሶታል። የያዘው የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ኮንቲኔንታል መጠጥና የጆሮ ማዳመጫ አልሸጥልህም አለኝ ብሎ ከሰሰ። የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ የ1978ቱ የአየር መንገዶች ሕግ ግዛቶች በአየር መንገድ ዋጋና አገልግሎት ጉዳይ እጃቸውን እንዳያስገቡ ይከለክላል አለ። የግል ነጋዴ የግድ ጥሬ ገንዘብ ተቀበል የሚል የፌዴራል ሕግም አሜሪካ የላትም። ማሳቹሴትስ በዚያው በ1978፣ ኒው ጀርሲ ደግሞ በ2019 ሱቆች ጥሬ ገንዘብን እንዳይመልሱ ደንግገዋል። መሬት ላይ ያለው ባለሱቅ የተከለከለውን፣ በአየር ላይ ያለው ሻጭ ተፈቅዶለታል። ደንበኛው ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ መሄድ በማይችልበት ቦታ ሕጉ መላላቱ ትክክል አይደለም።

የካርዱ ማሽን ራሱ ለረጅም ጊዜ ፍጹም አልነበረም። ከምድር ጋር ግንኙነት በሌለበት ከፍታ ላይ ባንኩን ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ማሽኑ የካርዱን መረጃ አከማችቶ ሲያርፍ ይልከዋል። ባንኩ እምቢ ካለ ኪሳራው የአየር መንገዱ ነው። ይህን በመፍራት ኩባንያዎቹ የግዢ ጣሪያ ያበጃሉ፤ አንዳንድ ቅድሚያ የተከፈለባቸውን ካርዶችም አይቀበሉም። የሳተላይት ኢንተርኔት እየተስፋፋ ሲሄድ ይህ ችግር እየቀነሰ ነው።

አውሮፓም ተከትላለች። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በጃንዋሪ 2017 በአጭር በረራዎቹ ነፃውን ሳንድዊች ትቶ የማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ምግብ መሸጥ ሲጀምር ገና ከመጀመሪያው ቀን ጥሬ ገንዘብ አልተቀበለም። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ገንዘብ የሚፈራ ነገር ሆነ፤ ያመነቱ የነበሩትም ወሰኑ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በኋላ ውሃና ቀለል ያለ መክሰስ በነፃ ወደ መስጠት መመለሱ ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ መንገድ ይዟል። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ አውሮፕላኖቹ በጎንና በጎን አግዳሚ ወንበር የተዘረጋባቸው፣ መሐሉ ለጭነት የተተወ ነበሩ። ዛሬም በኢኮኖሚ ክላስ ምግቡ ከቲኬቱ ጋር ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው መንገደኛ ካርድ ብቻ የሚለውን የሚሰማው አውሮፕላን ሲቀይር ነው። በዲቪ ዕድል ደርሶት ዋሽንግተን ያረፈ ሰው ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ሲያትል በአገር ውስጥ በረራ ሲሻገር፣ ኪሱ ውስጥ ያለው የመቶ ዶላር ኖት በአሜሪካ ሰማይ ላይ ሳንድዊች አይገዛለትም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ደመወዟን በእጇ ይዛ የምትመለስ እህትም፣ የተሳፈረችበት ርካሽ አየር መንገድ ካርድ ብቻ የሚል ከሆነ ዕጣዋ ያው ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባካሄደው ጥናት በኢትዮጵያ የፋይናንስ ተቋም ሒሳብ ያላቸው አዋቂዎች 35 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢያድግም፣ የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ መያዝና በውጭ አውሮፕላን ላይ የሚሠራ ካርድ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አየር መንገዶች የመጠጥ ውሃን ለማንም በነፃ ይስጡ፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የያዘ ሰውም ከመሳፈሩ በፊት በመሬት ላይ ባለ መስኮት የምግብ ኩፖን እንዲገዛ ይፍቀዱ። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ለእናትዎ ወይም ለታናሽ ወንድምዎ ከውጭ ቲኬት የሚቆርጡ አንባቢ፣ ምግቡን ከቲኬቱ ጋር አብረው ይክፈሉላቸው፤ ካልተቻለም ከፍተሻው በኋላ ባለው ሱቅ ስንቃቸውን በጥሬ ገንዘብ ገዝተው እንዲሳፈሩ አስቀድመው ይንገሯቸው።